የሮቦቱ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ሶፍትዌር ሮቦቶች ጽፈን ነበር። እጅና እግር ያለውን ሮቦት ማለታችን አይደለም። ኮምፒውተር ውስጥ ሆኖ እንደ ሰው ስክሪን እየከፈተ፣ ክሊክ እያደረገ፣ ቁጥር ከአንዱ ሲስተም ወደ ሌላው እየገለበጠ የሚሠራውን ፕሮግራም ነው። ከዚያ ወዲህ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ሮቦቱ ሥራ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ስለ ፓስዎርዱ ነው። ደስ ብሎኛል። ሮቦት መሥራት በጥቂት ሳምንት ይለመዳል፤ የሮቦቱ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ሳያውቅ ዓመታት የሚሠራ መሥሪያ ቤት ግን ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ በአንድ የግል ባንክ የአውቶሜሽን ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ዩአይፓዝ በሚባለው የሮቦት መሥሪያ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሦስት ሮቦቶች አሉን። ፓስዎርዶቻቸው በኤክሴል ፋይል ነበሩ፣ አሁን ወደ ኦርኬስትሬተር፣ ማለትም ሮቦቶቹን ከአንድ ቦታ ወደምናዝበት የዩአይፓዝ ሲስተም፣ አዛውረናቸዋል። አለቃዬ «ከእንግዲህ ማንም አያያቸውም፣ ተገላገልን» አለ። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። እውነት ማንም አያያቸውም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልብህ አለማረፉ ትክክል ነው። አለቃህም ቢሆን ግማሹን መንገድ በደንብ ሄዷል።

በመጀመሪያ ከኤክሴል ማውጣታችሁ ትልቅ ነገር ነው። በ2022 ሴፕቴምበር ላይ ኡበር የደረሰበትን አስታውስ። ሰርጎ ገቡ መጀመሪያ የገባው በአንድ የኮንትራት ሠራተኛ አካውንት ነው። የሰውዬው ስልክ ላይ የማረጋገጫ ጥያቄ ደጋግሞ እየላከ አሰለቸውና እሺ አስባለው። ከገባ በኋላ፣ ራሱ እንደተናገረው፣ በውስጥ ኔትወርኩ የጋራ ፎልደር ላይ አንድ የፓወርሼል ስክሪፕት (ለኮምፒውተር ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል) አገኘ፤ ስክሪፕቱ ውስጥ የድርጅቱ ፓስዎርዶች የሚጠበቁበት ሲስተም የአድሚን ፓስዎርድ በግልጽ ተጽፎ ነበር። ካዝና ገዝቶ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ መተው ማለት ይኼ ነው። እናንተ ያንን በር ዘግታችኋል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፤ ካዛወራችሁ በኋላ ፓስዎርዶቹን ቀይራችኋል? ያ ኤክሴል በስንት ሰው ኢሜይልና በስንት ባክአፕ ውስጥ እንደቀረ ማንም አያውቅም። ካልቀየራችሁ ዛሬውኑ ቀይሩ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ኦርኬስትሬተር ውስጥ ሮቦቱ የሚጠቀምበት መረጃ የሚቀመጥበት ሳጥን አሴት ይባላል። ክሬደንሻል የሚባለው፣ ዩዘርኔምና ፓስዎርድ የሚይዘው የአሴት ዓይነት፣ ፓስዎርዱን ኤኢኤስ 256 በሚባል ጠንካራ ምስጠራ መስጥሮ ነው የሚያስቀምጠው። አንዴ ከተቀመጠ በኋላ በገጹ ላይ ተመልሶ አይታይም፣ አድሚኑም ቢሆን በሌላ ሊተካው ይችላል እንጂ ገጹን ከፍቶ አያነበውም። አለቃህ ያየው ይህንን ነው፣ እውነትም ነው። ግን ሮቦቱ ያነበዋል። ማንበብ አለበት፣ አለዚያ እንዴት ሲስተሙ ውስጥ ይገባል? «ጌት ክሬደንሻል» የሚለው አክቲቪቲ (በሮቦቱ ፕሮግራም ውስጥ ያለ አንድ የሥራ እርምጃ) ዩዘርኔሙን በግልጽ፣ ፓስዎርዱን ደግሞ ሴኪዩር ስትሪንግ በሚባል የተሸፈነ መልክ ያመጣል። ያንን ሽፋን መግለጥ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ስቱዲዮን፣ የሮቦቱ ፕሮግራም የሚጻፍበትን መሣሪያ፣ ከፍቶ የሚሠራ ዴቨሎፐር ሁሉ መስመሯን በቃሉ ያውቃታል፣ አንተም ታውቃታለህ።

ስለዚህ የምትጠይቀው «ገጹ ላይ ማን ያያል?» ብለህ አይደለም። «ሮቦቱን ማን ያዘዋል?» ብለህ ነው። ኦርኬስትሬተር ውስጥ አሴቱ በተቀመጠበት ፎልደር ላይ አሴት የማየት ፈቃድ ያለውና ስቱዲዮ የተጫነለት ማንኛውም ሰው አምስት ደቂቃ ካገኘ ፓስዎርዱ እጁ ላይ ነው። ተንኮል እንኳን ላይኖረው ይችላል። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ቦታ፣ ማታ ላይ ሌላ ስህተት ስፈልግ የሮቦቱን ሎግ፣ የሠራው ሁሉ የሚመዘገብበትን ፋይል፣ እያገላበጥኩ ነበር። «ወደ ሲስተሙ እየገባ ነው» የሚል መስመር አለ። ከታች «ሪፖርት እየወረደ ነው» የሚል አለ። በሁለቱ መሀል አንድ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት መስመር ብቻውን ተቀምጧል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የፋይናንስ ሲስተሙ ፓስዎርድ ነበር። አንድ ልጅ ሲሞክር ትክክለኛው መምጣቱን ለማየት ሎግ ላይ አሳትሞት፣ መስመሯን ሳያጠፋ ወደ ፕሮዳክሽን፣ እውነተኛው ሥራ ወደሚሠራበት ሲስተም፣ አልፏል። ሮቦቱ በየቀኑ እየሮጠ በየቀኑ ያትመዋል። ሎጉን ደግሞ የቴክኒክ ድጋፍ ቡድኑ በሙሉ ያያል።

እኔ ብሆን ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን ፎልደር እከፍትለታለሁ፤ የሂሳብ ማስታረቁ ለብቻ፣ የደመወዙ ለብቻ። ለእያንዳንዱ ሥራም የራሱ ሮቦት አካውንት፣ የሚያየውም የራሱን ፎልደር ብቻ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አናት ላይ ባለው ፎልደር የሰጠኸው ፈቃድ ወደ ንዑስ ፎልደሮቹ ይወርዳል፤ «ለጊዜው ነው» ብለህ ላይ የመደብከው ሰው ታች ያለውን ሁሉ ያያል። ለጊዜው የተሰጠ ፈቃድ ደግሞ የሚያነሳው ሰው አያገኝም፣ ይህንን በዓይኔ ያላየሁበት መሥሪያ ቤት የለም።

ከዚያ ቴስትና ፕሮዳክሽንን ለያያቸው። ዴቨሎፐሮች በቴስት ፎልደር እንደፈለጉ ይሁኑ፣ የቴስት ፓስዎርድ ነው። ፕሮዳክሽን ፎልደር ላይ ግን የአሴት ፈቃድ አይኑራቸው። አንተንም ጨምሮ ማለቴ ነው። ይህም ብቻውን አይበቃም፤ ዴቨሎፐሩ የጻፈውን ራሱ በቀጥታ ወደ ፕሮዳክሽን መጫን ከቻለ፣ የአሴት ፈቃድ ባይኖረውም ሮቦቱን «አንብብና ላክልኝ» ማለት ይችላል። ስለዚህ የሚጽፈው ሌላ፣ አንብቦ የሚያሳልፈው ሌላ፣ ፓስዎርዱን የሚያስገባው ሌላ ይሁን። የዕድር ገንዘብ ከባንክ ሲወጣ ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ አብረው የሚፈርሙት አንዳቸው ሌባ ስለሆኑ አይደለም። ነገ ነገር ቢመጣ ሦስቱም ንጹሕ ሆነው እንዲገኙ ነው። ለአለቃህ እንዲህ ብለህ ብታስረዳው ይገባዋል ብዬ አስባለሁ፣ ምክንያቱም ይህ አሠራር ከሁሉም በላይ የሚጠብቀው ዴቨሎፐሩን ነው።

ሳይበርአርክ ወይም ሃሺኮርፕ ቮልት የመሰለ የውጭ ካዝና እንግዛ የሚል ሐሳብ ከመጣ ጥሩ ነው፣ ኦርኬስትሬተር ከእነዚህ ጋር ይገናኛል፤ ፓስዎርድ በራሱ እንዲቀየርና ማን መቼ እንደወሰደ እንዲመዘገብ ይረዳል። ግን ካዝናው የትም ይሁን፣ ፓስዎርዱ መጨረሻ ላይ ሮቦቱ እጅ ይገባል። ከላይ ያልኩህን አይተካም።

ጥያቄ፦ ኦርኬስትሬተር ላይ አሴቱ አለ፣ በዓይኔ አየዋለሁ፣ ስሙም ልክ ነው። ሮቦቱ ግን አሴት አላገኘሁም፣ ስህተት 1002 እያለ ይቆማል። ሁለት ቀን ሆነኝ። እባካችሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ይኼ ሁላችንንም ያስለቀሰ ነው። አንቺ አሴቱን የምታዪው በራስሽ አካውንት ነው፣ ሮቦቱ የሚፈልገው ደግሞ በራሱ አካውንት፣ ፕሮሰሱ (የሚያስኬደው ፕሮግራም) በተጫነበት ፎልደር ውስጥ ነው። ብዙውን ጊዜ አሴቱ ሌላ ፎልደር ውስጥ ሆኖ ይገኛል። ወደዚህኛው ፎልደር ሊንክ አድርጊው፣ ወይም አክቲቪቲው ላይ የፎልደሩን መንገድ ጻፊለት። ካልሆነ አሴቱን ክፈቺውና ዋጋው ለማን እንደተሰጠ እዪ፤ ለሁሉም የሚሆን ዋጋ ሳይኖረው ለአንድ ዩዘር ብቻ ተሞልቶ ከሆነ ሌላው ሮቦት ባዶ እጁን ይመለሳል። የስሙ መጨረሻ ላይ ስፔስ እንዳለም እዪ፣ አትሳቂ፣ እኔ አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

የሚመጣው መልእክት «ፈቃድ የለህም» የሚል ከሆነ ግን ችግሩ ሮሉ ላይ፣ ማለትም ለአካውንቱ የተሰጡት ፈቃዶች ስብስብ ላይ ነው። የሮቦቱ አካውንት ፎልደሩ ላይ ተመድቧል? የተሰጠው ሮል አሴት ማየትን ይዟል? ሮቦቱ ፓስዎርድ እየቀየረ የሚያስቀምጥ ከሆነ ደግሞ ማየት አይበቃውም፣ የማስተካከል ፈቃድም ይፈልጋል። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ሲደክምሽ «አድሚን ልስጠውና ይሥራ» እንዳትዪ። ይሠራል። ከሠራ በኋላ ግን ማንም ተመልሶ አይነካውም።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ድርጅታችን አውቶሜሽን ኤኒዌር የሚባለውን የሮቦት መሥሪያ ሶፍትዌር ይጠቀማል። 40 የሚሆኑ ሠራተኞች ቦቱ በእያንዳንዳቸው አካውንት ገብቶ ሪፖርት እንዲያወርድላቸው ይፈልጋሉ። ማናጀሬ «ሁሉም ፓስዎርዳቸውን በኢሜይል ይላኩልሽና አንቺ አስገቢው» አለችኝ። ልክ አይመስለኝም፣ ግን ምን ብዬ እንቢ ልበል?

መልስ፦ እንቢ በያት፣ በጨዋ ቋንቋ። የ40 ሰው ፓስዎርድ ኢሜይልሽ ውስጥ ካለ ከዚያ በኋላ ከ40ው ሰው በአንዱ አካውንት የሚፈጸም ማንኛውም ጥፋት ዞሮ አንቺን ይነካሻል። ያለሽ ሲስተም ለዚሁ ጉዳይ የተሠራ ነገር አለው። ክሬደንሻል ስትፈጥሪ ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ ለሁሉም አንድ ዋጋ የሚይዝ ስታንዳርድ የሚባለው፣ ሌላው እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱን የሚያስገባበት ነው። ያንቺ ሁለተኛው ነው። አንቺ ስሙንና ሳጥኑን ታዘጋጃለሽ፣ ባለቤቱ ገብቶ ራሱ ይሞላል፣ አንቺ የሞላውን አታዪም።

ክሬደንሻሉን ሎከር ውስጥ፣ ክሬደንሻሎች በቡድን በሚቀመጡበት ካዝና፣ ታስገቢዋለሽ። ሰዎቹን የሎከሩ ኮንሲውመር (ተጠቃሚ) አድርጊያቸው፣ ይህ በሮል በኩል ነው የሚሰጠው። ኮንሲውመር ሎከሩን ያያል፣ የራሱን ዋጋ ይሞላል፣ በቃ። ፓርቲሲፓንት (ተሳታፊ) ግን የራሱን ክሬደንሻል ወደ ሎከሩ መጨመር ይችላል፣ የሌሎችን አያይም። ኦውነርና ማናጀር የሚባሉትን ለስንት ሰው እንደምትሰጪ ደግመሽ አስቢበት። አንድ ሎከር ከፍቶ የድርጅቱን ቁልፍ ሁሉ እዚያ መወርወር አለ፣ እሱን አታድርጊው፤ የሂሳብ ክፍሉ ሎከር የሂሳብ ክፍሉን ብቻ ይያዝ።

ከዚያ በፊት ግን ማናጀርሽን አንድ ነገር ጠይቂያት። ሪፖርቱ ለ40ውም ሰው አንድ ዓይነት ከሆነ ቦቱ ለምን በ40 ሰው ስም ይገባል? ሪፖርት ከማየት ሌላ ምንም የማይችል አንድ የራሱ አካውንት ይበቃው ይሆናል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ። ሮቦታችን ሲገባ የማረጋገጫ ኮድ ይጠየቃል። ኮዱ የሚመጣው የእኔ ስልክ ላይ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ተነስቼ ኮድ እልካለሁ። መፍትሔ አለው?

መልስ፦ አይዞህ፣ አለው። በመጀመሪያ አካውንቱ የሮቦቱ ነው ወይስ ያንተ? ስልክህ ላይ ኮድ መምጣቱን ሳይ ያንተ ይመስለኛል፣ ከሆነ መለየት የሚጀመረው ከዚያ ነው።

ከቻላችሁ ሮቦቱ በስክሪን ሳይሆን በኤፒአይ፣ ፕሮግራም ከፕሮግራም በቀጥታ በሚነጋገርበት መንገድ ይግባ፣ ለሰው ሳይሆን ለፕሮግራም በተሠራ ማንነት፣ በሰርተፊኬት። ማይክሮሶፍት ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ወደ አዠር ፖርታል (የማይክሮሶፍት ክላውድ መቆጣጠሪያ ገጽ) በሰው አካውንት ለሚገባ ሁሉ ሁለተኛ ማረጋገጫን ግዴታ ማድረግ ጀምሯል፤ የሰው አካውንት ለሮቦት ሥራ የሚያውሉ ድርጅቶችንም ለፕሮግራም ወደተሠራው ማንነት ተዛወሩ ብሏል። ይህ መንገድ በየዓመቱ እየጠበበ እንጂ እየሰፋ አይሄድም።

ስክሪን የግድ ከሆነ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየረውን ኮድ አስብ። ያ ኮድ ከአየር አይመጣም፣ ሲመዘገብ ከተሰጠ አንድ ሚስጥራዊ ቁልፍና ከሰዓቱ ተሰልቶ ነው የሚወጣው። ቁልፉን ካዝና ውስጥ ብታስቀምጡት ሮቦቱ ራሱ ማስላት ይችላል። ግን ልብ በል፣ ቁልፉና ፓስዎርዱ አንድ ቦታ ከተቀመጡ አንዱን ያገኘ ሁለቱንም አገኘ። ለየብቻ አስቀምጧቸው፣ አካውንቱም ከሮቦቱ ማሽን አድራሻ ውጪ ከሌላ ቦታ እንዳይገባ ይደረግ። ይህንን የደኅንነት ክፍሉ ሳያውቅና ሳይፈቅድ እንዳታደርጉት። አንተም ተኛ።

ጥያቄ፦ በባንክ ኦዲት 22 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ሮቦት ገብቷል ተብሎ የሮቦቱን ሥራ ኦዲት እንዳደርግ ተጠይቄአለሁ። ቴክኖሎጂውን ብዙ አላውቀውም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ክቡርነትዎ፣ የሚያውቁት ነገር ይበቃል። እንዲያውም ከብዙዎቻችን የተሻለ ቦታ ላይ ነዎት። ሜከርና ቼከርን፣ አንዱ ሞልቶ ሌላው የሚያጸድቅበትን አሠራር፣ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ሮቦቱ ጋ ሲደርሱም ያንኑ ይጠይቁ።

ሮቦቱ ዝውውሩን በሜከር አካውንት ይሞላል እንበል። የሚያጸድቀው ማን ነው? ሰው ከሆነ ጥሩ። ሌላ ሮቦት በሌላ አካውንት ካጸደቀ ግን ወረቀቱ ላይ ሁለት ስም አለ፣ ሁለቱም ልክ ነው፣ ቼክ ሊስቱ ያልፋል። የሁለቱንም ሮቦት ፕሮግራም የጻፈው፣ የሁለቱንም ፓስዎርድ የሚያገኘው አንድ ልጅ ከሆነስ? ያኔ ሜከርም ቼከርም እሱ ነው። ይህንን ሲስተሙ አይነግርዎትም፣ ጠይቀው ነው የሚያገኙት። የሁለቱ ሮቦቶች ፎልደር ላይ ማን ማን ፈቃድ እንዳለው የሚያሳይ ዝርዝር ያስወጡና ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። በሁለቱም ላይ የተደገመ ስም ካለ ሥራዎን አግኝተዋል።

ሁለተኛ የማስቸግርዎት፣ የሮቦቱ አካውንት በማን ስም እንደሆነ ይዩ። እኔ በነበርኩበት አንድ ድርጅት ሮቦቱ የሚገባው በአንዲት ሠራተኛ ስም ነበር፣ ሲጀመር «ለሙከራ» ተብሎ የተሰጠ። ልጅቷ ሥራ ለቀቀች። ዓርብ ከሰዓት የሰው ኃይል ክፍሉ እንደ ደንቡ አካውንቷን ዘጋ። ሰኞ ጠዋት ሮቦቱ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ቆመ፣ ስድስት ሰው ሥራውን በእጁ ሲሠራ ዋለ። ያሳሰበኝ ግን የሰኞው መቆም አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ሌሊት ሌሊት የተሠራው ሥራ ሁሉ በእሷ ስም መመዝገቡ ነው። ያቺ ልጅ ተኝታ በነበረበት ሰዓት የተፈጸመ ነገር ቢገኝ ኖሮ ማን ነበር የሚጠየቀው? እስከ ዛሬ ሳስበው ይከብደኛል። ሮቦቱ የራሱ ስም ይኑረው፣ ከጎኑም በጽሑፍ የተመደበ ኃላፊ ሰው። ያ ሰው ሲለቅ ሮቦቱንም በርክክብ ሰነዱ ላይ ያስረክብ።

የካርድ ክፍያ የሚነካ ሥራ ከሆነ ደግሞ የሚጠቅሱት ደንብ አለዎት። ፒሲአይ ዲኤስኤስ 4.0.1 የሚባለው የካርድ ክፍያ ደኅንነት መመዘኛ በአንቀጽ 8.6.2 ላይ፣ ሰው ሊገባባቸው የሚችሉ የአፕሊኬሽንና የሲስተም አካውንቶች ፓስዎርድ በስክሪፕት፣ በኮንፊገሬሽን ፋይልም ሆነ በፕሮግራም ኮድ ውስጥ እንዳይጻፍ ይከለክላል። ከማርች 31 ቀን 2025 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። «ኮዱ ውስጥ ፓስዎርድ የለም» ካሉዎት ደስ ይበልዎት፣ ግን አብረው ቁጭ ብለው ይፈልጉ። የሮቦቱን ሎግም ያክሉበት።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ይህንን የፈቃድ ነገር ያለ መሥሪያ ቤት እንዴት ልለማመደው?

መልስ፦ የዩአይፓዝን ነፃ የኮሚዩኒቲ እትም አውርድ፣ ላፕቶፕህ ይበቃል። ሁለት ፎልደር ክፈት። በአንደኛው አንድ ክሬደንሻል አሴት አስቀምጥ፣ የውሸት ፓስዎርድ ይሁን። ከዚያ ፓስዎርዱን አምጥቶ ርዝመቱን ብቻ የሚናገር ትንሽ ፕሮሰስ ጻፍ። መጀመሪያ አሴቱ ካለበት ፎልደር አስኪደው። ቀጥሎ ከሌላኛው ፎልደር አስኪደው፣ ሲከለከልም ምን እንደሚል ጻፈው። ቀጥሎ ፈቃዱን አንድ በአንድ እየነሳህና እየሰጠህ ሞክር፣ የትኛው ምልክት ሲነሳ የትኛው መልእክት እንደሚመጣ ደብተርህ ላይ አስፍር። ያቺ ደብተር ሥራ ስትይዝ ትፈልጋታለህ፤ የሁለተኛዋ ጠያቂ ሁለት ቀን የፈጀባት ነገር ለአንተ አሥር ደቂቃ ይሆናል።